ላፕቶፑ ከመከፈቱ በፊት

በዚህ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች እርስ በርሳችን የምናወራው፣ ለደንበኛ ግን እምብዛም የማንነግረው ነገር አለ። ኮምፒውተሩ የተቀየረለት መኪና «ማፑ ተበላሽቷል» ተብሎ ሲመጣልን አብዛኛውን ጊዜ ማፑ ምንም አልሆነም። ማፕ ቁጥር ነው፤ አምና የተጻፈው ዛሬም እዚያው አለ። ትናንት በደህና ይሄድ የነበረ መኪና ዛሬ ከተንገጫገጨ የተለወጠው ቁጥሩ የተሠራለት ሞተር ነው፤ ወይም ለኮምፒውተሩ ወሬ የሚያቀብለው ሴንሰር። ይህን እያወቅንም ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ላፕቶፕ እንከፍታለን። ደንበኛው ላፕቶፕ ሲከፈት ሲያይ ሥራ ተሠራ ብሎ ይከፍላል፤ መኪና ሥር ገብቶ የጭስ ቱቦ ሲፈትሽ የዋለን ሰው ግን «ምን ሠራህ?» ብሎ ይጠይቃል።

የማፑ ዋና ክፍል የሆነው የነዳጅ ሠንጠረዥ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ላስቀምጥ። በአንድ ጎን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ጎን አየር ማስገቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ተደርድሯል። 16 በ16 የሆነው የተለመደው ሠንጠረዥ 256 ሳጥኖች አሉት። እያንዳንዱ ሳጥን በዚያ ዙርና በዚያ ግፊት ሲሊንደሩ ስንት በመቶ በአየር እንደሚሞላ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ይህን ይዞ የአየሩን ሙቀት ይጠይቃል፣ የአየሩን ክብደት ያሰላል፣ ለዚያ ክብደት የሚመጥነውን ቤንዚን ይወስናል፤ በመጨረሻም ኢንጀክተሩን ለስንት ሚሊሰከንድ እንደሚከፍት ያዛል። ለንጹሕ ቤንዚን ሚዛኑ የሚሞላው 14.7 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ቤንዚን ሲደርሰው ነው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ስንት ምስክር እንዳለ ይቁጠሩ፤ የግፊት ሴንሰር፣ የሙቀት ሴንሰር፣ የፓምፑ ግፊት፣ የኢንጀክተሩ መጠን፣ የባትሪው ቮልቴጅ። ከእነዚህ አንዱ ቢዋሽ ጥፋቱ የሚታየው ጭሱ ላይ ነው። ጭሱ ላይ የታየውን ጥፋት ደግሞ የሠንጠረዡን ቁጥር ከፍና ዝቅ በማድረግ ለጊዜው ማስተካከል ይቻላል። ለዚህ ነው ሠንጠረዡ የሁሉም ኃጢአት መደበቂያ የሚሆነው። ፓምፑ የደከመ መኪና ላይ ቁጥሩን 10 በመቶ ከፍ ቢያደርጉት ይሄዳል፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይወጣል። ፓምፑ ግን መድከሙን አላቆመም።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተቀይሮ የሚመጣው ኒሳን ፓትሮል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ባለ 4.8 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ቲቢ48 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም። እዚያ ግን የአሸዋ ክምር ለመውጣት ቱርቦ ይገጠምለታል፣ ትልልቅ ኢንጀክተር ይገባለታል፣ የፋብሪካው ኮምፒውተር ወጥቶ በሌላ ይተካል። እንዲህ ካሉት አንዱ እኔ ጋ ሲደርስ ሚኒሞ ላይ ዓይን የሚያቃጥል የቤንዚን ሽታ ነበረው፤ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰዋል። ስክሪኑ ላይ ግን የኦክስጅን ሴንሰሩ «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ሴንሰሩን አምኖ ሚኒሞው ባለበት ሳጥኖች ላይ ቤንዚን ጨምሯል። አሁንም አንሷል ሲለው ደግሞ ጨምሯል።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሴንሰር ቤንዚን አይለካም። የሚለካው ኦክስጅን ብቻ ነው፤ ስሙም ይኸው ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1976 ለቮልቮ መኪና ያቀረበው የመጀመሪያው ኦክስጅን ሴንሰር ከሚዛኑ በላይ ወይም በታች መሆንን ብቻ ይለይ ነበር፤ ዛሬ እኛ የምንጠቀምበት ሰፊ መጠን የሚያነበው ዓይነት ምን ያህል በላይ፣ ምን ያህል በታች እንደሆነ ይነግረናል። ኦክስጅኑ ከየት እንደመጣ ግን ያኛውም ይሄኛውም አያውቅም። በቴስታታውና በሴንሰሩ መካከል ያለ ጓርኒሲዮን ትንሽ ከተነፈሰ፣ ሚኒሞ ላይ ጭሱ እየተቆራረጠ ሲወጣ በየመሐሉ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ ያንን አየር ቆጥሮ «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ዙሩ ከፍ ሲል የጭሱ ግፊት ስለሚበረታ አየር መግባቱ ያቆማል፣ ንባቡም ይስተካከላል። ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚታይ የቤንዚን እጥረት ካዩ ቱቦውን ይጠርጥሩ።

አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀርም እንዲሁ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚንም ያልተቃጠለው አየርም አብረው ይወጣሉ፤ ሴንሰሩ የሚያየው አየሩን ነው። ሰውየው ቤንዚን ሲጨምር ካንዴላው ይበልጥ ይረጥባል፣ መተኮሱን ይበልጥ ይተዋል፤ ሴንሰሩም ይበልጥ «አንሷል» ይላል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ገብተው ሞተር ሪፌ እስከማስደረግ የደረሱ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ፋሻውን ስለሚጨርሰው ነው።

የፓትሮሉን ጉዳይ የፈታው ላፕቶፕ አልነበረም። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ በማርሚታው ጫፍ በኩል አየር ነፍተን መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀባናቸው፤ ቱርቦው ከጭስ ቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አረፋ ተነሣ። ጓርኒሲዮኑ ከተቀየረ በኋላ ሴንሰሩ አፍንጫችን ያለውን አለ፦ ቤንዚን በዝቷል። አፍንጫና ሴንሰር ሲጣሉ እኔ ሁለቱንም አላምንም፤ መጀመሪያ የጭስ መንገዱን አስፈትሻለሁ።

ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ከጊዜ ብዛት ሠንጠረዡን በማየት ብቻ ማን ምን እንደደበቀበት ማወቅ ይቻላል። ሞተር አየር የሚስበው በድንገት እየዘለለ አይደለም፤ ሙላቱ ከዙሩ ጋር ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ሠንጠረዡ በምስል ሲታይ እንደ ኮረብታ ጀርባ ለስላሳ መሆን አለበት። ድንገተኛ ጉድጓድ ወይም ሹል ጉብታ ካለ ሞተሩ የጠየቀው አይደለም፤ አንድ ሰው ያላገኘውን ብልሽት እዚያ ቀብሮታል። በፓትሮሉ ሠንጠረዥ ላይ ጉብታው ሚኒሞው አጠገብ ተገትሮ ነበር። ለካፌ ወሬ የሚሆን ሌላም ምልክት አለ፦ 256ቱም ሳጥኖች ክብ ቁጥር ከሆኑ ያንን ማፕ የሠራው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ገምቶታል።

ጥፋቱ የት እንዳለ የሚለየኝ ግን የጥፋቱ ቅርጽ ነው። ሚኒሞ ላይ በጣም ተሳስቶ ከፍ ባለ ጭነት ላይ ትክክል ከሆነ፣ እጄ የሚሄደው ኢንጀክተሩ ከታዘዘ በኋላ እስኪከፈት ወደሚያባክነው ቅጽበት ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሚኒሞ ላይ 2 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚረጭ ኢንጀክተር በ0.2 ሚሊሰከንድ ቢሳሳት 10 በመቶ ነው፤ ሙሉ ጭነት ላይ 12 ሚሊሰከንድ ሲከፈት ያው ስሕተት 2 በመቶም አይሞላም። ይህ ቅጽበት ቮልቴጅ ሲወርድ ይረዝማል። ማታ መብራት ሲበራ ወይም የራዲያተሩ ፋን ሲነሣ ሚኒሞው የሚዋዥቅ ከሆነ ሠንጠረዡን ይተዉት፤ ዲናሞውን ይለኩ፣ ከዚያ የኢንጀክተሩ የቮልቴጅ ቁጥሮች ከአምራቹ መረጃ ጋር መግጠማቸውን ያረጋግጡ። ኢንጀክተር ቀይሮ የመጣ ሰው የአምራቹን ወረቀት ካላመጣ እኔ ሥራ አልጀምርም። ግትር ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ጥፋቱ በሁሉም ሳጥን ላይ በእኩል መቶኛ ከሆነ ደግሞ የተለወጠው ሁሉንም የሚነካ ነገር ነው፤ የቤንዚን ግፊት፣ የኢንጀክተር መጠን፣ ወይም ቤንዚኑ ራሱ። የኢንጀክተር ፍሰት ከግፊቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ከ3 ባር ወደ 4 ባር ቢወጣ የሚጨምረው 15 በመቶ ገደማ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር መቀላቀል በጀመረች ጊዜ መጠኑ 5 በመቶ ነበር፤ ቆይቶ 10 በመቶ ደረሰ። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ሚዛኑ ከ14.7 ወደ 14.1 አካባቢ ይወርዳል፤ ይህ በሁሉም ሳጥን ላይ 4 በመቶ ያህል እጥረት ሆኖ ይታያል። «ትናንት ከቀዳሁ ወዲህ ነው» የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ይስሙት። በውጭ አገር በተሠራ ማፕና እዚህ በተቀዳ ቤንዚን መካከል ያለው ልዩነት ሁሉንም ሳጥን እኩል የሚያስተካክል አንድ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል። ሳጥን በሳጥን መነካካት የለበትም።

ሦስተኛው ቅርጽ የሚያስፈራኝ ነው፤ ቱርቦው በበረታ ቁጥር የሚብስ እጥረት። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ከአየር ማስገቢያው ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ጎማ አለ። ይህ ጎማ ከወለቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቱርቦው 1 ባር ሲጨምር ቤንዚኑን በኢንጀክተሩ በኩል የሚገፋው ግፊት ከ3 ወደ 2 ባር ይወርዳል፤ ቤንዚኑም በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ሞተሩ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ፒስተን የሚቀልጠው እንዲህ ነው። የጎማዋ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ስለ ሙቀት የምናገረው አንገብጋቢ ነገር አለኝ፤ ቴርሞስታት። በብዙ ጋራዥ «ሞተር እንዳይፈላ» ተብሎ ቴርሞስታት ወጥቶ ይጣላል። በካርቡሬተር ዘመን ጉዳቱ ብዙም አይታይ ይሆናል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ግን ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ተጨማሪ ቤንዚን ይሰጣል፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ብርድ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ያንን ሙቀት ሳይደርስበት ይውላል። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ጧት ይመስለዋል። «ማፑ ቤንዚን ይበላል» ተብሎ የመጣ መኪና ላይ መጀመሪያ የማየው የውሃውን ሙቀት ነው።

ሌላው ምሳሌ መንገድ ተዘግቶበት የቆመ መኪና ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ተጨናንቆ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ የሚንተፋተፍ፣ ትንሽ ከሄደ በኋላ የሚስተካከል። የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ብረቱ ላይ ተተክሎ ከሆነ የሚለካው የብረቱን ሙቀት ነው። አየሩ 25 ዲግሪ ሆኖ ሴንሰሩ 65 ካለ ኮምፒውተሩ አየሩ ሳስቷል ብሎ 12 በመቶ ያህል ቤንዚን ይቀንሳል። መፍትሔው ሴንሰሩን ከብረት አርቆ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ መትከል ነው። ማፑን ለዚህ ብሎ ያወፈረ ሰው ግን ጧት በብርድ ጭስ ያገኛል።

አሁን በተለይ የእኛን አገር ወደሚመለከተው ምሥጢር ልግባ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 101። ቱርቦ የሌለው መኪና እዚህ ነዳጁ እስከ ወለል ቢረገጥም የአየር ማስገቢያው ግፊት ከ76 አያልፍም። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ከ80 እስከ 100 ያሉት ረድፎች አዲስ አበባ ውስጥ ጭራሽ አይነኩም። ማፕዎን እዚህ የሠራልዎ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እነዚያን ረድፎች አልለካቸውም፤ ገምቷቸዋል፣ ወይም ሌላ ሰው የገመተውን እንዳለ ትቶታል። መኪናው በአዳማ በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ሲዘልቅ፣ ማንም ያልሞከራቸው ሳጥኖች ውስጥ ይገባል። «ከተማ ውስጥ ግሩም ነው፤ ቆላ ስወርድ ይንኳኳል» የሚለው አቤቱታ ከዚህ ይመነጫል።

መንኳኳቱ ደግሞ የቤንዚን ብቻ አይደለም። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ካንዴላው ከልክ በላይ ቀድሞ እንዲተኩስ ቢደረግም ሞተሩ አያማርርም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ደንበኛው ይደሰታል። ያው የተኩስ ሰዓት አዋሽ ላይ ሞተር ይሰብራል። እዚህ ሞተር ታግሶ ዝም ማለቱ ደህንነት አይደለም። በእኔ እምነት አዲስ አበባ ላይ ማፕ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድ አለበት፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የድልድዩ አካባቢ ሙቀትም የራሱን ይጨምራል። ከዚያ ተመልሶ ሽቅብ ሲወጣ በሚመዘገበው ፋይል ውስጥ ከተማ ውስጥ የማይገኙ ረድፎች ይሞላሉ።

ከባሕር ጠረፍ ተቀይሮ የሚመጣው ባለ ቱርቦ መኪና ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቱርቦው ፍጹም ግፊትን እንዲከተል ታዞ ከሆነ፣ ለምሳሌ 171 ኪሎፓስካል፣ ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩን 1.7 ጊዜ ያህል ማጨቅ ይበቃው ነበር፤ እዚህ 2.25 ጊዜ ማጨቅ አለበት። ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፤ አየሩም ይግላል። ማፑ እንከን ላይኖረው ይችላል፤ ትእዛዙ ግን ለሌላ አገር የተሰጠ ነው። ግፊቱን ዝቅ ያድርጉት፤ የጠፋውን ጉልበት ከፍታው ወስዶታል፣ ማንም አይመልሰውም።

ከጉልበት መለኪያ ወረቀትም ይጠንቀቁ። ኤስኤኢ ጄ1349 የተባለው የማስተካከያ ስሌት ውጤቱን ወደ 25 ዲግሪና 99 ኪሎፓስካል ደረቅ አየር ይመልሰዋል። ይህ ለቱርቦ አልባ ሞተር ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ግፊት ላይ ሲሰላ ግን ከ35 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ግፊቱን ራሱ ለሚሞላ ባለ ቱርቦ መኪና ይህን መጨመር የሌለ ፈረስ መቁጠር ነው። ወረቀት ሲሰጥዎ ያልተስተካከለውን ቁጥርም ይጠይቁ።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ነዳጅ እስከ ወለል ተረግጦ የሚነካው የሠንጠረዡ ክፍል ትንሽና ቀላል ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ግን ለእሱ ነው። ሰዓት የሚፈጀው ሚኒሞ፣ የጧት ማስነሣትና እግር ድንገት ሲረገጥ ያለው ቅጽበት ነው። ሞተር በደንብ የሚቀዘቅዘው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጧት ማስነሣቱን ማስተካከያ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ይቻላል። ማፕ በአንድ ከሰዓት ተሠርቶ ከተረከቡ የጧቱ ክፍል አልተሠራም። እኔ መኪናውን ካላሳደርኩት አልቀበልም።

እግር ሲረገጥ መንተፋተፉም ከዋናው ሠንጠረዥ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። የአየሩ በር ድንገት ሲከፈት የተወሰነው ቤንዚን የአየር ማስገቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለእሱ የተለየ ማካካሻ አለ። ጭሱ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስም ጊዜ ስለሚወስድ፣ በዚያ ቅጽበት የተመዘገበው ንባብ የሚያርፈው ሌላ ሳጥን ላይ ነው። በዚህ ንባብ ዋናውን ሠንጠረዥ የሚያርም ሰው ደህናውን ያበላሻል። ሠንጠረዡ ሲመረመር ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርገው እርማትም መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ የሚያዩት የታከመውን ነው፣ በሽታውን አያዩም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እዚህ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ይቆያሉ፤ ማፖቻቸውም አብረው። ስለዚህ የተቀየረ መኪና ሲገዙ ፋይሉን ይጠይቁ፤ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ቃሉን። የኢንጀክተሩን ወረቀት፣ የግፊት ሴንሰሩን ዓይነትና ከመጨረሻው ለውጥ በፊት የነበረውን ፋይል አብረው ይውሰዱ። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቶ ልዩነታቸውን ማየት ብቻውን ብዙ ጊዜ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል፤ የተነኩት ሳጥኖች ቀደም ሲል የያዘው ሰው ምን እንደሸሸ በቀጥታ ያሳያሉ። ፋይሉን የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠመዎ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ የሚሠራበትን ዋጋ ከመኪናው ላይ ያስቀንሱ።